ዶክተር ጆን ላንግደን ዳውን፦ ከዳውን ሲንድሮም ስም ጀርባ ያሉት ሐኪም

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ይዘው ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ። ይበልጥ የሚያነሱት ጥቂት እንግሊዝኛ የሚያውቁት ናቸው። ዳውን ማለት በእንግሊዝኛ ታች ወይም ዝቅ ያለ ማለት ስለሆነ፣ ሐኪሞች ስሙን ያወጡት ልጃቸው ከሰው በታች ነው ለማለት ይመስላቸዋል። አንዲት እናት ይህን ቅሬታ ለወራት በልቧ ይዛ ቆይታ፣ ልጇን ለክትባት ስታመጣ ነው እያፈረች የጠየቀችኝ። እርስዎም እንዲህ አስበው ከሆነ ልብዎ ይረፍ። ዳውን የሰው ስም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የእንግሊዛዊው ሐኪም የዶክተር ጆን ላንግደን ዳውን የቤተሰብ ስም ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ስለ እኚህ ሰው የማውቀው ከአንድ የፈተና ጥያቄ አያልፍም ነበር። ምልክቶቹን መጀመሪያ አሟልቶ የገለጸው ማን ነው? ዳውን። አለቀ። በኋላ ሕይወታቸውን ሳነብ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዶክተር ዳውን ከሥራ ዘመናቸው አብዛኛውን ያሳለፉት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ማን ይንከባከብ፣ እንዴትስ ይንከባከብ በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። ዛሬ በብሪታንያ በዚህ ሙያ ብቻ በዲግሪ የሚመረቁ ነርሶች አሉ። ትምህርቱ እዚያ የደረሰበትን ረጅም መንገድ በእኚህ ሰው ሕይወት በኩል ማየት ይቻላል፤ ቤት ውስጥ ልጅዎን ወይም ወንድምዎን ለሚንከባከቡት ለእርስዎም የሚጠቅም ነገር አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባለሱቁ ልጅ

ጆን ላንግደን ዳውን የተወለዱት ኖቬምበር 18 ቀን 1828 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል አውራጃ፣ ከፕሊመዝ ወደብ ማዶ ባለችው በቶርፖይንት ከተማ ነው። አባታቸው መድኃኒትም ሸቀጣ ሸቀጥም የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ጆን የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በ14 ዓመታቸው ገደማ ትምህርታቸውን አቁመው በአባታቸው ሱቅ መሥራት ጀመሩ።

18 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ከቤተሰባቸው ጋር ለሽርሽር በወጡበት ቀን ኃይለኛ ዝናብ ያዛቸውና በአቅራቢያው ወዳገኙት የገጠር ጎጆ ገብተው ተጠለሉ። እዚያ ያስተናገደቻቸው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ነበረች። ወጣቱ ጆን ዓይናቸውን ከእርሷ ላይ መንቀል አቃታቸው። ለእርሷ የሚደረግ ነገር የለም ማለት ነው? የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳልተዋቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ታዋቂ ሐኪም ከሆኑ ወዲያ ራሳቸው ተናግረዋል። ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ሲተርክ ነገሩን ማሳመሩ አይቀርም ይሉ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሠሩትን ስመለከት ታሪኩን ለመጠራጠር ምክንያት አጣሁ።

ወደ ለንደን ሄደው መጀመሪያ በአንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዘንድ ተቀጠሩ። ቀጥሎም በፋርማሲ ማኅበር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠሩ፤ ታላቁን ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይን በጋዝ ምርምራቸው የረዱትም በዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ ጤናቸው ታወከና ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመለሱ። በ1853 አባታቸው ሲሞቱ ለንደን ሆስፒታል በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። ሌሎች ተማሪዎች ከእርሳቸው ዓመታት ያንሱ ነበር፤ ይሁንና ዳውን ሽልማት በሽልማት ሆነው በ1856 በሐኪምነት ለመሥራት የሚያበቃቸውን ፈተና አለፉ።

ማንም የማይፈልገው ሥራ

እንዲህ ያለ ጎበዝ ሐኪም በትልቅ ሆስፒታል ሹመት ያገኛል፣ ለንደን ውስጥ ባለጠጎችን ያክማል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። ዶክተር ዳውን ግን በ1858፣ 30 ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ ከለንደን በስተ ደቡብ በሰሪ አውራጃ የሚገኘው የኧርልስውድ ተቋም የሕክምና ኃላፊ ሆኑ። ባልደረቦቻቸው ተገረሙ። ተቋሙ በዚያ ዘመን አጠራር የጅሎች መጠለያ ይባል ነበር። ዛሬ ስድብ ነው የምንለው ቃል ያኔ በሕክምና መጽሐፍና በተቋም በር ላይ የሚጻፍ ነበር።

ኧርልስውድ የተከፈተው በ1855 ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያኖር በበጎ አድራጎት ገንዘብ የቆመ ትልቅ ሕንፃ ነበር። ከፍለው ከሚገቡት በቀር ድሆቹ የሚገቡት በምርጫ ነበር፤ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ከአመልካቾቹ መካከል ለመረጡት ልጅ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይገባል፣ ያላገኘ ደግሞ የሚቀጥለውን ምርጫ ይጠብቃል። የአንድ ልጅ ወላጅ ሆነው በየቤቱ እየዞሩ ድምፅ ሲለምኑ ያስቡት።

ዶክተር ዳውን ከመምጣታቸው በፊት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የተቋሙን አያያዝ ክፉኛ ነቅፈው ነበር። አዲሱ ሐኪም ችግሩን የፈቱት በመድኃኒት አይደለም፤ ለውስንነቱ መድኃኒት አልነበረም፣ ዛሬም የለም። እርሳቸው የጀመሩት ከሠራተኞቹ ነው። መምታት ተከለከለ። ቅጣት ተብሎ ምግብ መከልከልም ቀረ። ተንከባካቢዎቹ የሚቀጠሩት በጉልበታቸው ሳይሆን በጠባያቸው እንዲሆን፣ ከተቀጠሩም በኋላ ሥራውን እንዲማሩ ተደረገ።

ምን ተማሩ ቢሉ፣ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። አንድ ልጅ ልብሱን ብቻውን መልበስ እንዲችል ሥራው በጣም ቀላል ወደሆኑ ደረጃዎች ይከፈላል። ዛሬ እጁን እጅጌ ውስጥ ማስገባት ብቻ። እርሱን ሲለምደው ሁለተኛውን እጅ። ቁልፍ መቆለፍ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ተንከባካቢው ልጁን ቸኩሎ ቢያለብሰው ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ቢያስተምረው ግማሽ ሰዓት። ዶክተር ዳውን ሠራተኞቻቸው ግማሹን ሰዓት እንዲመርጡ ፈለጉ። በገበታ ቀርቦ በቢላና በሹካ መብላት፣ አትክልት መትከል፣ ጫማ መስፋት፣ አናጢነት፣ ሙዚቃና ጭፈራ በዚሁ መንገድ ይሰጡ ነበር። ገንዘብን ለማስተማር ደግሞ የሱቅ ጨዋታ ነበራቸው፤ አንዱ ሻጭ ሌላው ገዢ ሆኖ፣ ሚዛን ተቀምጦ፣ ሳንቲም እየቆጠሩ። የባለሱቅ ልጅ መሆናቸውን እዚህ ላይ አስታወስኩ።

ከኧርልስውድ ነዋሪዎች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ጄምስ ሄንሪ ፑለን ነው። መስማት አይችልም፣ የሚናገራቸው ቃላትም ጥቂት ነበሩ። እንጨት በእጁ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በዓመታት ልፋት የሠራው የአንድ ግዙፍ የእንፋሎት መርከብ ሞዴል ባለሙያዎችን ሁሉ አስደንቋል። እንዲህ ያሉ አንዳንድ ሰዎችን ታሪክ ስናገር እጠነቀቃለሁ፤ ወላጆች ልጃችን የተደበቀ ተሰጥኦው ምን ይሆን እያሉ እንዲጨነቁ አልፈልግም። አብዛኞቹ የኧርልስውድ ነዋሪዎች መርከብ አልሠሩም። ልብሳቸውን መልበስ ተማሩ፣ ያም ትልቅ ነገር ነበር።

በ1860 ሜሪ ክሬሊን የሚባሉ ሴት አገቡ። ሜሪ ያለ ደመወዝ ከባለቤታቸው ጋር በተቋሙ ይሠሩ ጀመር። በጽሑፍ የቀረው የባል ስም ነው፤ በቀን ተቀን ሥራው ግን የሚስትየው ድርሻ ከባልየው የሚያንስ አይመስለኝም።

ስህተቱና የእኛ ስም በውስጡ

አሁን ወደማይመቸው የታሪኩ ክፍል እንምጣ፤ ሳልነግርዎ ባልፍ ቅር ይለኛል።

ዶክተር ዳውን የነዋሪዎቹን የራስ ቅል ይለኩ፣ ፊታቸውን ይመረምሩ፣ ፎቶግራፍም ያነሷቸው ነበር። በ1866 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ የተወሰኑት ልጆች፣ ዝምድና ሳይኖራቸው፣ የአንድ እናት ልጆች እስኪመስሉ ድረስ እንደሚመሳሰሉ አስተዋሉ። ሰፋ ያለ ፊት፣ ወደ ላይ ያዘነበሉ ዓይኖች፣ አጭር አፍንጫ፣ ወፍራም ምላስ። ይህ ትክክለኛ ምልከታ ነበር፤ ዛሬ ዳውን ሲንድሮም የምንለው ነው። ጽሑፉ እነዚህ ልጆች ቀልድ እንደሚወዱ፣ ሰውን አስመስለው መሥራት እንደሚችሉበት፣ ንግግራቸውም በምላስ ልምምድ በጣም እንደሚሻሻል ይናገራል። ዛሬ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ከሚሠሩት የተወሰነው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ መስመር ተቀምጧል።

ስህተቱ ምደባው ላይ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ከፋፍለው ነበር። ዶክተር ዳውንም ከእንግሊዛውያን ወላጆች የተወለዱትን እነዚህን ልጆች በመልካቸው በእነዚያ ዘሮች ስም መደቧቸው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ልጆች የሞንጎል ዓይነት አሏቸው። ሌላ የመደቧቸው ቡድን ስሙ ምን ነበር መሰለዎ? የኢትዮጵያ ዓይነት። በአውሮፓውያኑ ምደባ ኢትዮጵያዊ ማለት ጥቁር ሕዝብ በሙሉ ማለት ነበርና አገራችንን ለይተው አልነበረም። ቢሆንም የአገሬን ስም በዚያ ገጽ ላይ ሳይ ደስ አላለኝም።

ፍርድ ከመስጠቴ በፊት የሚያምታታ አንድ ነገር አለ። ዶክተር ዳውን በዚህ ምደባ ሊያረጋግጡ የፈለጉት የሰው ልጅ አንድ መሆኑን ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና ዓመቱ ነበር፤ ጥቁር ሕዝብ የተለየ ፍጡር ነው እያሉ ባርነትን የሚደግፉ ጸሐፊዎች ነበሩ። እርሳቸው ደግሞ በሽታ ከእንግሊዛዊ ወላጅ የሌላ ዘር መልክ ያለው ልጅ ማስገኘት ከቻለ፣ በዘሮች መካከል ያለው ግድግዳ የሚፈርስ ነው፣ ስለዚህ ሁላችንም አንድ ነን ሲሉ ተከራከሩ። መድረሻው ደግ፣ መንገዱ ግን ከንቱ ነበር። የሕመም ምልክትን የሕዝብ መልክ ብሎ መጥራት የልጆቹንም የሞንጎሊያን ሕዝብም ክብር ለመቶ ዓመት ያህል ነካ። በ1961 ጥቂት የዘረመል ተመራማሪዎች ስያሜው እንዲቀየር በሕክምና መጽሔት ላይ ጠየቁ፤ በ1965 የዓለም ጤና ድርጅት በሞንጎሊያ ጥያቄ የድሮውን ስም መጠቀም አቆመ። የሐኪሙ ስም የተተካው ያኔ ነው። አሁንም የድሮውን ቃል የሚጠቀም ሰው ቢያጋጥምዎ ያርሙት፤ የጤና ባለሙያ ቢሆንም።

ሌላም ስህተት ነበራቸው። ይህ ለወላጆች ከሁሉ ይበልጥ የሚመለከት ነው። የልጆቹ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከወላጆች የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እውነተኛው ምክንያት የታወቀው በ1959 ነው፤ የፈረንሳዮቹ ተመራማሪዎች የጄሮም ለዥን፣ የማርት ጎቲዬና የሬሞን ቱርፓን ሥራ ልጆቹ 21ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ እንደሚገኝባቸው አሳየ። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ፅንስ ከመጀመሩ በፊት፣ በሴል ክፍፍል ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው። በእርግዝና ጊዜ የበሉት ምግብ፣ የደረሰብዎ ድንጋጤ፣ የሠሩት ሥራ፣ እርግማን ወይም የሰው ዓይን አያመጣውም። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል፤ ይሁንና በወጣትነታቸው የሚወልዱ ሴቶች ቁጥር ብዙ ስለሆነ አብዛኞቹ ልጆች የሚወለዱት ከወጣት እናቶች ነው። እንግዲህ አንድ ትልቅ ሐኪም፣ ልጆቹን እጅግ የሚወድ ሐኪም፣ ወላጆችን ያለ ጥፋታቸው ምክንያት አድርጓቸዋል። ጎረቤትዎ ቢያደርገው አይደነቁ፤ አይቀበሉትም።

የራሳቸው ቤት

በ1868 ዶክተር ዳውን ከኧርልስውድ ለቀቁ። ከአስተዳደር ቦርዱ ጋር ተጋጭተው ነበር፤ ከጠቡ ምክንያቶች አንዱ የነዋሪዎቹን የእጅ ሥራ ፓሪስ ወስዶ በኤግዚቢሽን ለማሳየት የወጣው ወጪ ነው። በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ ከለንደን ምዕራብ፣ በቴምዝ ወንዝ አካባቢ ቤት ገዝተው የራሳቸውን ተቋም ከፈቱ። ኖርማን ዊልኪንሰን በሚባሉ የሕግ ባለሙያ ወዳጃቸው ስም ኖርማንስፊልድ ብለው ሰየሙት።

እዚህ የሚገቡት የባለጠጋ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ በድምፅ ምርጫ ቦታ ሲለምኑ የነበሩት ድሆች ወደዚህ አልመጡም። የገቡት ግን ከዚያ በፊት ብዙዎቹ በቤታቸው ከእንግዳ ዓይን ተደብቀው ያደጉ ነበሩ። ኖርማንስፊልድ ውስጥ የራሳቸው አልጋና ዕቃ፣ የአትክልት ቦታ፣ የእርሻ እንስሳት፣ ትምህርትና ጓደኛ አገኙ። ዶክተር ዳውን ብቸኝነትን እንደ አንድ ጎጂ ነገር ይቆጥሩት ነበር፤ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ካልዋለ የተማረው ሁሉ ይሟሽሻል ባይ ናቸው። በ1879 በግቢው ውስጥ ሙሉ የቲያትር አዳራሽ ተሠራ። መድረኩ ላይ ሠራተኞቹና ነዋሪዎቹ አብረው ይጫወቱ ነበር። የተንከባካቢና የተጧሪ ግንኙነት በመብላትና በመታጠብ ብቻ እንዳይወሰን ማለት ነው። ሜሪ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሠራተኛ ቅጥሩንና ሒሳቡን ይመሩ ነበር።

ዶክተር ዳውን ከዚህ ጎን ለጎን በለንደን ሆስፒታል ሕመምተኞችን ያዩ፣ ተማሪ ያስተምሩም ነበር። በሌላም ነገር ከዘመናቸው ቀድመው ነበር፤ ብዙ ሐኪሞች የሴት ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ደካማ ልጅ ያስወልዳል ሲሉ እርሳቸው ይህን ተቃወሙ። በ1887 የዕድሜ ልክ ልምዳቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ። ኦክቶበር 7 ቀን 1896 በ67 ዓመታቸው አረፉ። ሜሪ ከአራት ዓመት በኋላ ተከተሏቸው፤ ሁለቱ ሐኪም ልጆቻቸው ሬጂናልድና ፐርሲቫል ተቋሙን ያዙ።

በ1905 ለሬጂናልድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ልጁ ዳውን ሲንድሮም ነበረበት። አያቱ በስማቸው የተጠራውን ሁኔታ የያዘውን የልጅ ልጃቸውን ሳያዩት ነው የሞቱት። እርሱ ግን አያቱና አያቱ ባቆሙት ቤት አድጎ እስከ 1970 ኖረ፤ 65 ዓመት ገደማ ማለት ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች በልጅነታቸው በሚሞቱበት ዘመን!

ሙያው እንዴት ዲግሪ ሆነ

በዶክተር ዳውን ዘመን የተንከባካቢ ትምህርት የሚወሰነው በኃላፊው ጠባይ ነበር። ደግ ኃላፊ ካለ ይማራሉ፤ ከሌለ ቁልፍ ይዘው በር ይጠብቃሉ። በ1885 የብሪታንያ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለአእምሮ ሕሙማን ተንከባካቢዎች መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፈተናና የምስክር ወረቀት ተጀመረ። በ1919 የነርሶች ምዝገባ ሕግ ሲወጣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች የሚንከባከቡ ነርሶችም በመዝገቡ ቦታ አገኙ።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ኖርማንስፊልድ ራሱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት የጤና አገልግሎት ሥር ገባ። በ1976 በዚያው ግቢ ነርሶቹ በኃላፊው ሐኪም አስተዳደርና በአያያዙ መበላሸት ተማርረው ሥራ አቁመው ወጡ። በ1978 የወጣው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት የእንክብካቤው ደረጃ እጅግ የወረደ መሆኑን አረጋገጠ። የመሥራቾቹ ደግነት በግድግዳው ውስጥ አልቀረም ነበር። ተቋሙ በ1997 ተዘጋ፤ እንደ ኧርልስውድ ያሉ ትልልቅ መኖሪያዎችም ተዘግተው ሰዎቹ ወደ ቤተሰባቸውና ወደ ትናንሽ ቤቶች ተመለሱ። የቲያትር አዳራሹ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ዛሬ በብሪታንያ የነርስነት ትምህርት አራት ዘርፍ አለው፤ የአዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ጤናና የአእምሮ እድገት ውስንነት። የመጨረሻውን የሚመርጥ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይማራል፤ ግማሹን በክፍል፣ ግማሹን በሥራ ቦታ። ንግግር ከሌለው ሰው ጋር በምልክትና በሥዕል መግባባት፣ የሚጥል በሽታ፣ የመዋጥ ችግር፣ ሰውየው ስለ ራሱ ሕክምና እንዲወስን መርዳትና ስለ መብቱ ሕጉ የሚለውን ይማራል። በአንድ ቃል እንዳይምታቱ ልንገርዎ፤ በብሪታንያ ይህን ሁኔታ የሚጠሩበት ስም በቀጥታ ቢተረጎም የመማር ችግር ማለት ነው። በአሜሪካ ግን ያው ስም የማንበብ ወይም የሒሳብ ችግር ብቻ ላለበት ልጅ የሚሰጥ ነው። በሁለቱ አገሮች ያሉ ዘመዶችዎ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወሩ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ለእኔ እንደ ሐኪም ዋናው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉን ነገር በውስንነቱ አለማሳበብ። ልጁ ምግብ እምቢ ሲል፣ ራሱን ሲመታ፣ ሌሊት ሲያለቅስ፣ ዳውን ሲንድሮም ስላለበት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ጠባዩ ተቀየረ ተብሎ የመጣ አንድ ጎረምሳ እንዲህ ያሉት በዚህ ዕድሜ ይረበሻሉ ብዬ ሰደድኩት፤ በሳምንቱ ሲመለስ ከጆሮው መግል ይፈስ ነበር። ራሱን በእጁ የሚመታው በዚያው በኩል እንደነበር እናቱ መጀመሪያውኑ ነግራኝ ነበር።

ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ሕክምና ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ ልጅዎ የልብ አልትራሳውንድ ካልተነሳ ይጠይቁ። የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ፣ የመስማትና የማየት ምርመራም በየጊዜው ያስፈልገዋል። እንግሊዝ የሚኖሩ ከሆነ ልጅዎ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ሙሉ የጤና ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ የቤተሰብ ሐኪሙ መዝገብ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ፣ በአካባቢው ያሉትን የዚህ ሙያ ነርሶችም እንዲያገናኝዎ ይጠይቁ። ሌላ አገር ከሆኑና እንዲህ ያለ ነርስ ካላገኙ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ጽፈው ይያዙ፤ ልጅዎ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፣ ደህና ሲሆን ምን እንደሚመስል፣ እሺና እምቢ የሚለው እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ የሚወስደውን መድኃኒት። ወረቀቱን ለሐኪሙ ይስጡት። ሐኪሙ የነገሩትን ምልክት በዳውን ሲንድሮም ካሳበበ ደግሞ፣ በዚሁ ዕድሜ ያለ ሌላ ልጅ ይህንኑ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ምን ምርመራ ያዙለት እንደነበር በትሕትና ይጠይቁት፤ መልሱን ሳይሰሙም ከወንበሩ አይነሱ።